አያቴ «ሆሜ» ሲሉ

አያቴ ኪሞኬዮ ቋንቋችንን ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የጠቡት። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ከመጽሐፍ ተማርኩት። በሁለታችን መካከል ያለችው እናቴ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትናገርበት ሞተች። አያቴ ለልጆቻቸው ሃዋይኛ አላስተማሩም። በሰባት ዓመታቸው ክፍል ውስጥ በሃዋይኛ ውኃ ጠይቀው፣ መምህሯ መዳፋቸው እስኪያብጥ በማስመሪያ መትታቸዋለች። «የኔ ልጆች በዚህ ምክንያት አይመቱም» አሉና ቤታቸው ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ።

እኔ ተምሬ መጥቼ በቋንቋቸው «ቱቱ፣ እንደምን አደሩ?» ያልኳቸው ጠዋት ዓሣ እያጸዱ ነበር። ቱቱ የምንለው አያትን ነው። ቢላዋውን አስቀመጡና እጃቸውን ሳይታጠቡ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ዓሣ ስሸት ዋልኩ፤ ፊቴን ግን አልታጠብኩም።

ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው ሌላ ወዳጅ አልነበረኝም ማለት ይቻላል። ሂሎ ከተማ ውስጥ፣ ትምህርቱ ሁሉ በሃዋይኛ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆንኩ። እሳቸው ከአክስቴ ከሁላሊ ጋር እዚያው ሂሎ ይኖሩ ነበር። ተወልደው ያደጉባት ካላፓና ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ከተራራው በወረደው የቀለጠ ድንጋይ ተውጣለች። ቤታቸው፣ የጀልባ መጠለያቸው፣ የዘንባባው ጥላ፣ ጥቁሩ አሸዋ፣ ሁሉም ሦስት ሰው ቁመት ካለው ድንጋይ በታች ነው። ስለዚያ ጊዜ ብዙም አያወሩም። እኔም አልጠይቅም ነበር።

በየሐሙሱ እሳቸውን ክፍሌ አመጣቸዋለሁ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አያቴ የባሕር ወሬ ያወሩላቸዋል። ልጆቹ እንዲህ ያለ ሃዋይኛ ከእሳቸው በስተቀር ከማንም ሰምተው አያውቁም። የእኛ የአስተማሪዎቹ የተቀቀለ ነው፤ የእሳቸው ጥሬ ነው፣ ጨው ጨው ይላል።

በዚያ ዓመት እኛ ወጣቶቹ አስተማሪዎች ቋንቋውን እናጽዳ ብለን ተነሣን። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ከእንግሊዝኛ የተበደርናቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ወረቀቱ «ፔፓ» ነው፤ መጽሐፉ «ፑኬ» ነው፤ ሳሙናው «ኮፓ» ነው። ሁሉም ሌላ ቦታ ተሠርቶ በእኛ አፍ የተሟሸ ነው። ግድግዳዬ ላይ ሰፊ ወረቀት ለጠፍኩ። በግራ በኩል በቀይ የተበደርነውን፣ በቀኝ በኩል በአረንጓዴ የራሳችንን ጻፍኩ። ከቀዮቹ አንዱ «ሆሜ» ነበር። እንግሊዞቹ «ሆም» የሚሉት ነው። በቀኝ በኩል «ሃሌ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሃሌ ማለት ቤት ነው። ሃያ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም።

አንድ ሐሙስ አያቴ ከአባታቸው ጋር በታንኳ ወጥተው ነፋስ ሁለት ቀን ባሕር ላይ እንዳንገላታቸው እየተረኩ ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተዋል። «በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ተኛ» አሉ አያቴ፤ «እኛም ቀዝፈን ቀዝፈን ወደ ሆሜ ተመለስን።»

ኬሃው የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። ጎበዝ ናት፤ ያስተማርኳትን አትረሳም።

«ቱቱ፣ እሱ የእንግሊዝኛ ቃል ነው» አለች። «ቀይ ነው። ሃሌ ነው የሚባለው።»

አያቴ ወደ ግድግዳው ዞረው ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ሳቁ። «እንግዲያው እኔስ ልጄ? ኪሞኬዮ ማለት ጢሞቴዎስ ነው። ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣ ስም ነው። ለእኔም ምትክ አዘጋጅታችኋል?»

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ አዩ። አብሬ ስቄ ባልፈው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን በዚያ ሳምንት የስብሰባችን ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ፤ በራሴ ክፍል ሕጉ ሲፈርስ ማየት አልፈለግኩም።

«ኬሃው ልክ ናት ቱቱ» አልኩ። «የራሳችን ቃል እያለን የሰው ባንለብስ ይሻላል።»

አያቴ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «ሃሌንማ አውቃለሁ» አሉ። «እኔ የማወራው ስለ ሃሌ አይደለም።»

ስለ ምንድን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ሰዓቱን አየሁና «ቱቱን አመስግኗቸው» ብዬ ልጆቹን አስነሳሁ። በመኪና ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ሄዱ። መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ገልብጠው ነበር የተቀመጡት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጉልበቴን አሞኛል አሉ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ቀን በሃዋይኛ «በልተዋል ወይ?» ስላቸው በእንግሊዝኛ መለሱልኝ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩት። አሁንም በእንግሊዝኛ «አዎ፣ ቲቸር» አሉኝ። ቲቸር ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ወራት አለፉ፤ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ መነጽራቸውን ነበር፤ ኋላ ምድጃ ላይ የጣዱትን ድስት። አንድ ጊዜ አክስቴ ከሥራ ስትመለስ ማድቤቱ በጭስ ተሞልቶ እሳቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ሌላ ጊዜ ባዶ እግራቸውን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተገኙ። አክስቴ ሁላሊ ሆስፒታል አልጋ ስታነጥፍ ውላ ነው የምትመጣው፤ ወገቧ ተቆርጧል። የምታለቅሰው ገላዋን ስትታጠብ ነው፤ የውኃው ድምፅ የሚሸፍንላት ይመስላታል።

አንድ እሑድ ምሳ ከበላን በኋላ ሳህኖቹን ወደ ጎን ገፋችና አባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን ቤት ትቼዎት መሄድ አልችልም» አለች። «ጥሩ ቦታ አይቻለሁ። ነርስ አለ፣ ሐኪም አለ፣ እኩዮችዎ አሉ። በየቀኑ እመጣለሁ።»

የአረጋውያን መጦሪያውን ማለቷ ነው። ቤታችን ውስጥ ለሳምንታት ስናወራበት «ሆም» ነበር የምንለው፤ እንግሊዝኛው እንደዚያ ነው። «ሆሙ ንጹሕ ነው»፣ «ሆሙ ጋ ደወልኩ» እንባባላለን።

አያቴ መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ከሰባት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው በሃዋይኛ ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ወደ ሆሜ መልሱኝ» አሉ።

አክስቴ ሃዋይኛ አታውቅም። «ምን አሉ?» አለችኝ። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

«መልሱኝ» ነው ያሉት። ወዳልነበሩበት ቦታ መልሱኝ የሚል ሰው የለም። ይህን ያኔውኑ አስተውዬዋለሁ። ግን እኔም ደክሞኝ ነበር። ሌሊት ስልኬ ሲጮኽ ልቤ መቆም ከጀመረ ቆይቷል። ደግሞም ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። የእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ትርጉሙም እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚለው ነው።

«ወደ ሆም ውሰዱኝ ነው የሚሉት» አልኩ።

አክስቴ ተንበርክካ ጉልበታቸውን አቅፋ አለቀሰች። አያቴ ጸጉሯን ዳበሱ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልንወስዳቸው ስመጣ ከረጢታቸውን ራሳቸው አዘጋጅተው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸውን ተላጭተዋል። ከረጢቱን መኪና ላይ ስጭን አፉ ተከፈተ። ውስጡ መረብ፣ ከአለት ላይ ዛጎል መፈልቀቂያ ቢላዋ እና የሣር ባርኔጣ ነበር። ፒጃማ የለም፤ የጥርስ ብሩሽ የለም። አፉን ዘጋሁና የኋላውን በር ገጠምኩት።

ወደ ካላፓና የሚወስደው መንገድ ከሂሎ ወጥቶ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። አክስቴ ወደ ላይ፣ ወደ ኮረብታው ታጠፈች።

«መንገዱ በዚህ አይደለም» አሉ አያቴ በእንግሊዝኛ።

«በዚህ ነው አባዬ።»

«ሁላሊ፣ አሳልፈሽዋል። ተመለሺ።»

«ደርሰናል እኮ። ያውና፣ አበባውን አዩት?»

መጦሪያው በር ላይ ወረድን። ነርሷ በትህትና ክንዳቸውን ስትይዝ ዘወር ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን እመርጥ ነበር። ሳያውቀኝ ኖሮ አሁን ያወቀኝ ሰው ነበር የሚመስሉት።

መጦሪያው ክፉ ቦታ አልነበረም። ነርሶቹ ደጎች ናቸው፤ ፖይ የምንለው የጎደሬ ገንፎም ቢሆን በደንብ የተወቀጠ ነው፣ አይቆመጥጥም። አያቴ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት ያዙ። በየሁለት ቀኑ እሄዳለሁ። በሃዋይኛ አነጋግራቸዋለሁ፤ «አዎ፣ ቲቸር»፣ «አይ፣ ቲቸር» ይሉኛል። ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አያወርዱም። ክብደታቸው ቀነሰ።

በሰባተኛው ሳምንት አያቴን ልትጠይቅ የመጣች አንዲት አሮጊት መተላለፊያው ላይ አስቆመችኝ። አጭር፣ ወፍራም፣ የወንድ ቦቲ ያደረገች ሴት ናት። ሉዊካ ትባላለች፤ የአያቴ የካላፓና ጎረቤት ነበረች። መንደሯን የዋጠው ድንጋይ ሲበርድ ተመልሳ በላዩ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ጎጆ የቀለሰች እሷ ናት።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ በሃዋይኛ።

«አዎ እማማ።»

«ቋንቋሽ ያምራል። ልክ እንደ ሬዲዮ ነው።» አላሾፈችም፤ ግን አላመሰገነችኝም። «ኪሞኬዮን እዚህ ማን አመጣው?»

«ራሳቸው ጠይቀው ነው።»

«ምን ብሎ ጠየቀ? ቃሉን ንገሪኝ።»

ነገርኳት።  ሉዊካ ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ስሚ» አለች። «እሳቱ ቤቱን የበላ ቀን አብሬው ቆሜ ነበር። አንድ የመንግሥት ሰው ወረቀት ይዞ መጣና ‹ሃሌህ የትኛው ነበር?› አለው። ኪሞኬዮ ምን አለ መሰለሽ? ‹ሃሌዬ ያው ይቃጠላል። ሆሜዬ ግን እዚያው ነው፤ የትም አይሄድም› አለ። ሰውዬው ግራ ገባው፤ እኛ ግን ገብቶን ነበር። ሃሌ የሚሠራ ነገር ነው። ታፈርሺዋለሽ፣ ሌላ ቦታ ትተክዪዋለሽ። ሆሜ የምንለው እትብታችን የተቀበረበትን ነው። አባቱ እዚያ ነው ያለው። ሕፃን ልጁም እዚያ ናት፤ ከእናትሽም ከሁላሊም በፊት ተወልዳ የሞተችው። ስለ እሷ ነግሮሻል?»

«አልነገሩኝም።»

«እንግዲያው ምን ስታስተምሪ ነው የኖርሽው?»

ወደ አያቴ ክፍል በር አየሁ።

«ቃሉን ፈረንጅ እንዳመጣው እኛም እናውቃለን» አለች ረጋ ብላ። «እናቶቻችን ተቀብለው ለሚፈልጉት ነገር አዋሉት። አሁን የኛ ነው። ሌላ ስም ብታወጡለት እኛን አትጠሩበትም።»

ከዚያ ተነሥታ ወደ አያቴ ክፍል ተመለሰች። በሩ ሳይዘጋ የአያቴን ድምፅ ሰማሁ። በሃዋይኛ፣ በፍጥነት፣ ለወራት ታምቆ እንደቆየ ውኃ ያወሩ ነበር። ደፍ ላይ ስደርስ አቆሙ።

በዚያ ምሽት አክስቴ ጋ ሄድኩ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የተናገሩትን፣ እኔ የተረጎምኩትንና ሉዊካ ያለችኝን አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ያኔ አውቀሽ ነበር?» አለች።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ኖሄያ። ጠርጥሬ ነበር ምንድን ነው?»

«ከረጢቱን አይቻለሁ። መረቡን አይቻለሁ።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ያጣጠፈችውን ፎጣ እንደገና ዘርግታ እንደገና ማጣጠፍ ጀመረች። «እኔም አይቻለሁ» አለች። «ጠዋት መረቡን ከመጋዘን ሲያወጡ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። አንቺ ቋንቋውን ስለምታውቂ ያልሽው ልክ ይሁን ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

እኔም አንድ ፎጣ አንሥቼ ማጣጠፍ ጀመርኩ። አንዳችንም ሌላችንን አላጽናናንም።

ቅዳሜ ጠዋት ከመጦሪያው አስፈቅደን ወጣን። አክስቴ እየነዳች፣ ሉዊካ ከኋላ ከአያቴ ጋር ተቀምጣ፣ ወደ ደቡብ ታጠፍን። አስፋልቱ የሚያበቃበት ቦታ ላይ መኪናውን አቆምን። ከዚያ ወዲያ ጥቁሩ ድንጋይ ነው፤ እንደተጠቀለለ ገመድ እየተጥመለመለ እስከ ባሕሩ ይሄዳል። ተመልሰው የመጡ ሰዎች ስንጥቁ ውስጥ አፈር እየሞሉ የኮኮናት ችግኝ ተክለውበታል።

አያቴ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ሉዊካን ክንዷን ይዘው ሄዱ። እኛ ተከተልን። ወደ ባሕሩ ያያሉ፣ ወደ ተራራው ያያሉ፣ ወደ ጎን ሦስት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ድስት ምድጃ ላይ የሚረሱት ሰውዬ ምንም ምልክት በሌለበት ድንጋይ ላይ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«በሩ እዚህ ነበር» አሉ ለሉዊካ በሃዋይኛ። ጥቂት ተራመዱ። «እዚህ ጋ ደግሞ ትንሿ ናት።»

ቁጭ አሉ። ድንጋዩ በፀሐይ ግሎ ነበር፤ መዳፋቸውን አሳረፉበትና አላነሡም። የሆነ ነገር በሹክሹክታ ተናገሩ። ነፋሱ ወደ እኛ ቢሆን እሰማው ነበር። አክስቴ፣ ስለ እህቷ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የሰማችው ሴት፣ ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አልተጠራሁም።

እኩለ ቀን ሲሆን እንሂድ ስንላቸው አልሄድም አሉ። አክስቴ ለመነች። በመጨረሻ ሉዊካ ናት የመለሰቻቸው። «ተነሥ አንተ ሽማግሌ» አለቻቸው። «እዚህ ከሞትክ ድንጋዩን ማን ይቆፍርልሃል? እኔ ጉልበት የለኝም።» ሳቁ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወደ መጦሪያው አልተመለሱም። ለካላፓና በምትቀርበው በፓሆዋ አነስተኛ ቤት ተከራየሁና ወደ እኔ መጡ። የትምህርት ቤት ሥራዬን ግማሽ ቀን አደረግኩት። አክስቴ ቅዳሜና እሑድ ትመጣለች። ሉዊካ አሮጌ መኪናዋን እያንገጫገጨች በየቀኑ ማለት ይቻላል ትመጣለች፤ ቀኑ ጥሩ ከሆነ ድንጋዩ ላይ ወስዳቸው ትመልሳቸዋለች። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ወረቀት አነሣሁት። ባልደረቦቼ የየራሳቸውን አላነሡም፤ እኔም አልተከራከርኳቸውም።

አያቴ ግን በእንግሊዝኛ ማናገሬን ቀጠሉ። ቲቸር ማለቱን ትተዋል፤ ኖሄያ ይሉኛል። ሌላው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ይቅርታ የሚለውን በሁለቱም ቋንቋ አውቀዋለሁ፤ በሁለቱም ጀምሬ በሁለቱም አልጨረስኩትም። ከሉዊካ ጋር ሲሆኑ ሃዋይኛው ይንቆረቆራል። እኔ ስገባ ይቆማል፤ ሆን ብለው አይመስለኝም፣ ሰው ሲመጣ ልብስ እንደመሰብሰብ ያለ ነው። ስለዚህ አለመግባት ተማርኩ። ከሥራ ስመለስ መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቆማለሁ፤ ከማድቤቱ መስኮት ሥር ያለው የእንጨት ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ስለ ጀልባ፣ ስለ ሙታን፣ ስለ አንድ ሰካራም ቄስ፣ ስለ ትንሿ ልጅ። ዩኒቨርሲቲው ያላስተማረኝን ብዙ ቃል እዚያ ሰማሁ። ከመካከላቸው የትኛው የተበደርነው፣ የትኛው የራሳችን እንደሆነ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። ደብተር ይዤ አልወጣም። መስረቅ ስለሚመስለኝ ነው።

አስር ወር ያህል እንዲህ ኖርን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከባሕሩ በኩል ጠቁሮ መጣ። ውስጥ ጎደሬ እየላጡ ነበር፤ ልጣጩ ባልዲ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማኛል። ሉዊካ ስለ አንድ ሠርግ እያወራች፣ እሳቸው እያረሟት። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጣሪያውን መቱ። ወሬው ተቋረጠ። አውቀውብኛል ብዬ ልነሣ ስል የአያቴ ድምፅ በመስኮቱ መጣ። ሃዋይኛ ነበር።

«ውጭ የተቀመጥሽው» አሉ። «ዝናብ መጣ። ግቢ።»

ገባሁ። ጸጉሬ ርሷል። ሉዊካ በቦቲዋ ጫፍ አንድ ወንበር ወደ እኔ ገፋችልኝ። አያቴ ቀና ብለው አላዩኝም። ጎደሬውን እየላጡ «ታዲያ ሙሽራው ያኔ ምን አለ አልሺኝ?» አሏት፣ እዚያው በጀመሩበት ቋንቋ፤ እሷም ቀጠለች።